አንዳንዴ ብቻ የሚከሰት የዳታቤዝ ስህተት፦ ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ደብዳቤዎች በአንድ ላይ ማስተናገድ መርጠናል፤ ጸሐፊዎቹ በተለያየ ሥራ ላይ ያሉ ቢሆኑም የሚያስጨንቃቸው ጉዳይ አንድ ነውና። ፕሮግራማቸው አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይሠራል፤ ከዚያም በድንገት ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት ያቅተዋል ወይም የጀመረውን ትራንዛክሽን (ሁሉም አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትዕዛዞች ጥቅል) ሳይጨርስ ይቀራል፤ መስኮት ላይ ለቆመው ባለጉዳይ የሚነገረውም «ሲስተም የለም» የሚል ብቻ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ምክንያቱን ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ይለመዳል።

ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልስ ስንፈልግ በቅድሚያ የምናጣራው ስህተቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተከሰተ ነው። ፕሮግራሙ ግንኙነት ሲጠይቅ ሊሆን ይችላል፤ ትራንዛክሽኑ ተጀምሮ ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ የኮሚት፣ ማለትም የትራንዛክሽኑን ሥራ የሚያጸና፣ ትዕዛዝ ከተላከ በኋላ ማረጋገጫው ሳይደርስ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በሠራተኛው ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ጽሑፍ ሆነው ይታያሉ፤ ሆኖም ለአንዱ የሚበጀው መፍትሔ ሌላውን ያበላሸዋል፤ ከታች በአራተኛው ደብዳቤ እንደሚታየው የሰው ገንዘብ እስከማዛባት ይደርሳል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ለአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት ሒሳብ መያዣ ፕሮግራም በፓይተን ሠርቻለሁ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው፤ ግንኙነቱን የሚያስተዳድረው ኤስኪውኤልአልኬሚ ነው። ዘወትር ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ሲከፈት የመጀመሪያው ሠራተኛ ስህተት ቁጥር 2006 (ከዳታቤዙ ጋር የነበረው ግንኙነት ጠፍቷል የሚል) ያጋጥመዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሞክር ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አይታይም። አሁን በየጠዋቱ ሰርቨሩን አስነስተን ሥራ እንጀምራለን። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ስህተቱ ጠዋት ጠዋት ብቻ መምጣቱ ራሱ ትልቁ ማስረጃ ነው። ማይኤስኪውኤል ሥራ ፈቶ የተቀመጠን ግንኙነት የሚታገሥበት ጊዜ ዌይት ታይምአውት በሚባለው ቅንብር የሚወሰን ሲሆን፣ ማንም ካልቀየረው 28,800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት ነው። ቢሮው ማታ 11 ሰዓት ተዘግቶ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ከተከፈተ ግንኙነቶቹ 15 ሰዓት ተኩል ያለ ሥራ ይቆያሉ። ዳታቤዙ ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ላይ ይዘጋቸዋል፤ በፕሮግራሙ በኩል ያለው የኮኔክሽን ፑል (ለተደጋጋሚ አገልግሎት ክፍት ሆነው የሚቀመጡ ግንኙነቶች ስብስብ) ግን መዘጋታቸውን ስለማያውቅ ጠዋት ለመጀመሪያው ሠራተኛ የሞተ ግንኙነት ያቀብላል። ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር የሚያስፈልገው ምናልባት ፕሮግራሙ በሁለት ወይም በሦስት ፕሮሰስ፣ ማለትም ለየብቻ በሚሄዱ ቅጂዎች፣ ስለሚሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የየራሱ ፑል አለውና እያንዳንዱ በየተራው አንድ ጊዜ መሳሳት አለበት።

ኤስኪውኤልአልኬሚ ሁለት ቅንብሮች አሉት፤ ሁለቱም ካልተነኩ አይሠሩም። ፑል ፕሪ ፒንግ የሚባለው ግንኙነቱ ለሥራ ከመሰጠቱ በፊት በሕይወት መኖሩን ያጣራል፤ የሚያስከፍለው አንዲት አጭር የደርሶ መልስ ጥያቄ ስለሆነች ለእንደዚህ ዓይነት ቢሮ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ፑል ሪሳይክል የሚባለው ደግሞ ዕድሜው ከተወሰነ ጊዜ ያለፈውን ግንኙነት በአዲስ ይተካል፤ 3,600 ሰከንድ ቢያደርጉት ከ28,800 በጣም ያነሰ ስለሚሆን በቂ ነው። ዌይት ታይምአውትን ማሳደግ ግን አልመክርም። ሌሊቱን ቢሻገሩበት ቅዳሜና እሑድ ይመጣል፤ እሱን ቢሻገሩ የበዓል ሰሞን አለ።

የእርስዎ ዳታቤዝ ቢሮው ውስጥ ሳይሆን አዲስ አበባ የተቀመጠ ከሆነ ሌላ የሚጣራ ነገር አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያሉ ራውተሮችና ፋየርዎሎች ለረጅም ጊዜ ምንም ያላለፈበትን ግንኙነት ከመዝገባቸው ሊሰርዙ ይችላሉ፤ ሲሰርዙም አብዛኛውን ጊዜ ለማንኛውም ወገን አያሳውቁም። ያን ጊዜ የሚታየው ፈጣን የ2006 ስህተት ሳይሆን ረጅም ዝምታ ነው፤ ፕሮግራሙ ጥያቄውን ልኮ መልስ ይጠብቃል፣ የሊኑክስ ሲስተም ደግሞ ካልተስተካከለ በስተቀር ለተላከው መልስ ሲያጣ ወደ 15 ደቂቃ ያህል ደጋግሞ ይልካል እንጂ ተስፋ አይቆርጥም። ሊኑክስ ሥራ የፈታን ግንኙነት ለማጣራት የሚልከው የኪፕአላይቭ ምልክትም ሳይነካ ከተተወ የሚጀምረው ከ7,200 ሰከንድ በኋላ ነው፤ በመካከል ያለው መሣሪያ ከዚያ በፊት ሰርዞት ከሆነ ምልክቱ ዘግይቷል። ስለዚህ ኪፕአላይቩን ወደ 60 ሰከንድ አካባቢ ያውርዱት፤ ለመገናኘትም ሆነ መልስ ለመጠበቅ በሰከንዶች የሚቆጠር የጊዜ ገደብ ያብጁ። የመልስ መጠበቂያ ገደብ ከሌለ ፕሪ ፒንግ ራሱ በዚያው ዝምታ ውስጥ ተይዞ እንደሚቀር ልብ ይበሉ።

ሎግ (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ሲያነቡም ሰዓቱን ያስተካክሉ። ሠራተኛው «2 ሰዓት ተኩል» ያለው በሰርቨሩ ሎግ ላይ 08:30 ወይም፣ ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተቀናበረ፣ 05:30 ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ሰው በትክክለኛው ሎግ ላይ የተሳሳተውን ሰዓት ሲፈልግ ይውላል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ማሾ ከገበሬ የሚረከቡ 12 የግዢ ጣቢያዎች አሉን። በየጣቢያው በጃቫ የተሠራ ፕሮግራም አለ፤ በሂካሪሲፒ ፑል በኩል ከአንድ የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር ይገናኛል። ግዢው ሲደራ ስህተት 53300 (ግንኙነቶች ከተፈቀደው በላይ ሆነዋል የሚል) ይመጣ ስለነበር የዳታቤዙን የግንኙነት ጣሪያ ከ100 ወደ 500፣ የየጣቢያውን ፑል ደግሞ ከ10 ወደ 40 አሳደግን። ያ ስህተት ጠፋ፤ አሁን ግን ሥራው ሁሉ ተጎተተ፣ ከሰዓት በኋላም ከፑሉ ግንኙነት ማግኘት አልተቻለም የሚል ስህተት ከ30 ሰከንድ ጥበቃ በኋላ ይመጣል። ፕሮግራሙን ዘግተን ስንከፍተው ይስተካከላል። ለገበሬው በስልኩ የሚላከው የክፍያ መልእክትም በዚሁ ኮድ ውስጥ ነው።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተደራርበውባችኋል፤ የመጀመሪያው ተራ ሒሳብ ነው። ሂካሪሲፒ ሌላ ካልታዘዘ 10 ግንኙነቶችን ከፍቶ ሁልጊዜ ይይዛቸዋል። ፖስትግሬስኪውኤል ከፈቀደው 100 ውስጥ 3ቱን ለአስተዳዳሪ ያስቀምጣል፤ የቀረው 97 ነው። ዘጠኝ ጣቢያዎች ሲከፈቱ 90 ስለሚሆን ይበቃል፤ አሥረኛው ሲከፈት ጣሪያው ይነካል። ግዢው ባልደራበት ወቅት ያልታየው ለዚህ ነበር። ለአንድ የግዢ ጣቢያ 3 ወይም 4 ግንኙነት ከበቂ በላይ ስለሆነ መፍትሔው ፑሉን ማሳነስ ነበር፤ እናንተ ግን ወደ 480 አሳደጋችሁት። በፖስትግሬስኪውኤል እያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው፤ የየራሱን ሜሞሪ ይወስዳል፤ በአንድ ጊዜ ሲሠሩም ጥቂት የሆኑትን የፕሮሰሰር ኮሮች ይሻማሉ። አጠቃላይ ሥራው የተጎተተበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ መነሻው ያ የስልክ መልእክት ይመስለኛል። አንድ ግዢ ለመመዝገብ ዳታቤዙ የሚፈልገው 50 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። በሁሉም ጣቢያዎች በድምሩ በሰከንድ አንድ ግዢ ቢመጣ በአማካይ የሚያዘው ግንኙነት ከአንድም በታች ነው። አሁን በዚያው ትራንዛክሽን መካከል መልእክት ላኪው ይጠራል፤ ኔትወርኩ ደክሞ መልስ ለማግኘት 60 ሰከንድ ቢፈጅ፣ በዚያው የግዢ ብዛት 60 ግንኙነቶች ምንም ሳይሠሩ ይያዛሉ። ጆንያውን ሚዛኑ ላይ እንደጫነ ስልክ እንደሚያወራ ሰው ማለት ነው፤ ሚዛኑ አልተበላሸም፣ ወረፋው ግን አይንቀሳቀስም። መልእክት ላኪው ሳይመልስ ቀርቶ ስህተት ሲወረውር ደግሞ ግንኙነቱን የሚመልሰው የኮድ መስመር ከታለፈ ያ ግንኙነት እስከ ማታ አይመለስም። ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት በኋላ መቆሙና ፕሮግራሙን ሲዘጉት መስተካከሉ እንዲህ ያለ ማፍሰስ መኖሩን ያሳያል።

ለማረጋገጥ ችግሩ በተከሰተበት ሰዓት ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባለውን ሠንጠረዥ ይመልከቱ። ሁኔታቸው «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» (ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ የፈታ) የሚል ረድፎችን ይፈልጉ፤ ትራንዛክሽኑ ከጀመረበት ሰዓትና መጨረሻ ላይ ከጠየቀው ኩዌሪ ጋር አብረው ያንብቡ። መጨረሻ የተጠየቀው ኩዌሪ በኮዱ ውስጥ የትኛው መስመር ላይ እንደቆማችሁ ይጠቁማል። በሂካሪሲፒም የማፍሰስ መፈተሻ አለ፤ ካልተከፈተ አይሠራም፤ ለጊዜው ወደ 20 ሰከንድ አድርጋችሁ ብትከፍቱት ግንኙነቱን ወስዶ ያልመለሰውን የኮድ ክፍል በሎግ ላይ ይጽፍላችኋል። ከዚያ በኋላ ግንኙነት የሚወሰድበትን ቦታ ሁሉ፣ ስህተት ቢመጣም ባይመጣም በራሱ በሚዘጋው የጃቫ አጻጻፍ ቀይሩት። በዳታቤዙም በኩል ከ2016 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ፣ ከ9.6 እትም አንስቶ፣ ትራንዛክሽን ከፍቶ ዝም ያለን ግንኙነት የሚቆርጥ የጊዜ ገደብ አለ፤ በነባሪው የተዘጋ ነው፤ 60 ሰከንድ ብታደርጉት የአንድ ጣቢያ ጥፋት ሌሎቹን አያግድም።

መልእክቱን ግን ከትራንዛክሽኑ አውጡት። በግዢው ትራንዛክሽን ውስጥ «የሚላኩ መልእክቶች» በሚል ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ጻፉ፤ ኮሚት ከተደረገ በኋላ ሌላ ፕሮሰስ ከዚያ እያነበበ ይላክ። ይህን የምለው ስለ ፍጥነት ብቻ አይደለም። አሁን ባለው ኮድ መልእክቱ ለገበሬው ደርሶ፣ ወዲያው ግን ትራንዛክሽኑ ሮልባክ ሊደረግ፣ ማለትም እንዳልነበረ ሊሰረዝ፣ ይችላል። ያ ሰው ይህን ያህል ኩንታል አስረክበሃል የሚል ጽሑፍ በእጁ ይዞ ሲመጣ በመዝገባችሁ ላይ ስሙ የለም። እንዲህ ያለ አለመግባባት አንድ ጊዜ ከደረሰ የሲስተሙን እምነት መመለስ ከባድ ነው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ገንዘብ የሚያዛውር ኮድ አለን። የፖስትግሬስኪውኤሉ ሎግ በስህተት 25ፒ02 ተሞልቷል፤ ትራንዛክሽኑ ስለተቋረጠ ትዕዛዝ አልቀበልም ይላል። ማን ነው ያቋረጠው?

መልስ፦ 25ፒ02 ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም። ፖስትግሬስኪውኤል በትራንዛክሽን ውስጥ አንድ ትዕዛዝ ከከሸፈ ሮልባክ እስኪደረግ ድረስ ቀጣዮቹን ሁሉ ይከለክላል፤ የእናንተ ኮድ ግን የመጀመሪያውን ስህተት ይዞ ዝም ካሰኘው በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ መቀጠሉ ይታያል። በሎጉ ላይ በዚያው የፕሮሰስ ቁጥር ከመጀመሪያው 25ፒ02 በላይ ያለውን መስመር ፈልጉ፤ ሒሳብ በሚያዛውር ኮድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው 40ፒ01፣ ማለትም ዴድሎክ ነው። አንዱ ትራንዛክሽን ከሒሳብ 7 ወደ ሒሳብ 9 ሲያዛውር ሌላው በዚያው ቅጽበት ከ9 ወደ 7 ያዛውራል፤ ሁለቱም የመጀመሪያውን ረድፍ ቆልፈው የሌላውን ይጠብቃሉ። ዳታቤዙ ጥበቃው አንድ ሰከንድ ሲሞላው ያጣራና አንዱን ይሰርዛል።

ማስወገጃው የማዛወሩ አቅጣጫ የትም ይሁን የት ረድፎቹን ሁልጊዜ በሒሳብ ቁጥር ቅደም ተከተል፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ መቆለፍ ነው። ይህም ሆኖ ዴድሎክ ፈጽሞ አይመጣም ማለት አይቻልምና ለ40ፒ01ና ለ40001 (ትራንዛክሽኖች ተጋጭተው አንዱ ሲሰረዝ ለሚመጣው ስህተት) ትራንዛክሽኑን እንደገና የሚሞክር ኮድ ይኑራችሁ፤ እንደገና ማለት የከሸፈውን ትዕዛዝ ብቻ መድገም ሳይሆን ሮልባክ አድርጎ፣ ቀሪ ሒሳቡን እንደ አዲስ አንብቦ፣ ከመጀመሪያው መነሣት ነው። በሙከራዎቹ መካከል የሚጠበቀው ጊዜ በየጊዜው ይርዘም፤ ሁለቱ ተፋላሚዎች አብረው ተነሥተው ዳግም እንዳይጋጩም የተወሰነ የዘፈቀደ ልዩነት ይጨመርበት።

ወደ ማይኤስኪውኤል የምትሸጋገሩ ከሆነ አንድ አደገኛ ልዩነት አለ። በዚያ ዴድሎክ፣ ቁጥር 1213፣ ትራንዛክሽኑን በሙሉ ሮልባክ ያደርጋል፤ ቁልፍ ሲጠበቅ 50 ሰከንድ ሞልቶ የሚመጣው 1205 ግን በነባሪው የከሸፈውን ትዕዛዝ ብቻ ነው ሮልባክ የሚያደርገው፤ ትራንዛክሽኑ ክፍት ነው። ስህተቱን ዝም አሰኝቶ ኮሚት የሚያደርግ ኮድ ከአንዱ ሒሳብ ቀንሶ በሌላው ላይ ሳይጨምር ሊዘጋ ይችላል። ፖስትግሬስኪውኤል እምቢ ብሎ ያዳናችሁን እዚያ ማንም አያድናችሁም።

ጥያቄ (ከዓለም ከተማ)፦ መብራት ወይም ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ክፍያው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ እናገኛለን። በኮዱ ውስጥ ስህተት ከመጣ ሦስት ጊዜ እንዲሞክር አድርገናል። ሠራተኞቹም ስህተት ሲያዩ መልሰው ያስገባሉ። ምን ዓይነት ቅንብር ይጎድለናል?

መልስ፦ ይህን የሚፈታ ቅንብር የለም። ፕሮግራሙ ኮሚት ብሎ ከላከ በኋላ መስመሩ ቢቋረጥ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ትዕዛዙ ሳይደርስ ቀርቶ ክፍያው አልተመዘገበም፤ ወይም ደርሶ፣ ክፍያው ተመዝግቦ፣ የጠፋው «ተመዝግቧል» የሚለው መልስ ብቻ ነው። በፕሮግራሙ በኩል ሁለቱን የሚለይ ምንም ምልክት የለም። የእናንተ ኮድ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው ብሎ ስለሚገምት እንደገና ይመዘግባል። በዴድሎክ ጊዜ ዳታቤዙ ራሱ ትራንዛክሽኑን መሰረዙን ስለሚናገር መድገም ይቻላል፤ ግንኙነት ገና ሲጠየቅ ከከሸፈም ምንም ስላልተላከ መድገም ይቻላል። ኮሚት ላይ ግንኙነት ሲጠፋ ግን ሳያጣሩ መድገም አይገባም።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ቁጥሩ ሠራተኛው የክፍያ ቅጹን ሲከፍት አንድ ጊዜ ይፈጠር፤ ቁልፉ ሲጫን ወይም ሙከራው ሲደገም አዲስ አይፈጠር፤ በዚህ ቦታ ላይ ከተሳሳታችሁ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ቁጥሩ በክፍያው ሠንጠረዥ ላይ የዩኒክ ገደብ (አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል) በተደረገበት ዓምድ፣ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ይጻፍ። መጀመሪያ የተላከው ተመዝግቦ ከነበረ ሁለተኛውን ዳታቤዙ ራሱ ይመልሰዋል፤ ኮዱም ይህን እንደ ስህተት ሳይቆጥር ቀድሞ የተመዘገበውን ክፍያ አንብቦ ደረሰኙን ያትም። የከፋዩን ስም፣ ቀኑንና የገንዘቡን መጠን አንድ ላይ እንደ መለያ ለመጠቀም የሚያስቡ አሉ፤ አይሆንም። አንድ ሰው በአንድ ቀን ለራሱ 500 ብር፣ ለወንድሙም በስሙ 500 ብር ሊከፍል ይችላል፤ እውነተኛውን ክፍያ ውድቅ ታደርጋላችሁ።

መብራት ስለሚጠፋባችሁ፣ ዳታቤዛችሁ ፖስትግሬስኪውኤል ከሆነ፣ ሲንክሮነስ ኮሚት የሚባለውን ቅንብርም ተመልከቱ። በነባሪው ክፍት ነው፤ ለፍጥነት ሲባል የዘጋው ሰው ካለ ግን ማሽኑ በድንገት ሲጠፋ «ተመዝግቧል» የተባለ ክፍያ ሊጠፋ ይችላል። ገንዘብ በሚመዘገብበት ዳታቤዝ ላይ ክፍት ይሁን።

እስካሁን ሁለት ጊዜ የተመዘገቡትን ከሠንጠረዡ አትሰርዙ። ከደረሰኙ ቅጂ ጋር አንድ በአንድ ተገናዝበው፣ ድግግሞሽ መሆናቸው ሲረጋገጥ በተቃራኒ ምዝገባ ይስተካከሉ፤ ኋላ ሒሳቡን የሚመረምር ሰው የሆነውን ማየት መቻል አለበት።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ስህተቱ እኔ ሳለሁ አይመጣም። አርሜዋለሁ ብዬ እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ በመሞከሪያ ዳታቤዝ ላይ ራስዎ ያምጡት። ፑሉን ወደ 2 አሳንሰው 10 ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይላኩ፤ የሚያፈስ ኮድ ካለ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ዳታቤዙ ፖስትግሬስኪውኤል ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሳለ ግንኙነቱን ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ በሚባለው ትዕዛዝ ይቁረጡት። ቀጥሎ በፋየርዎል ላይ የዳታቤዙን ፖርት ይዝጉ፤ ሲዘጉ ግን እምቢታ በሚመልስ ሕግ ሳይሆን ፓኬቱን ዝም ብሎ በሚጥል ሕግ ይሁን፤ እምቢታው ወዲያው ስህተት ስለሚያመጣ የመስመር መጥፋትን አይመስልም። ለዓለም ከተማው ዓይነት ችግር ደግሞ በመሞከሪያው ኮድ ላይ ኮሚት ከተሳካ በኋላ፣ መልሱ ለተጠቃሚው ከመድረሱ በፊት፣ የ10 ሰከንድ ማቆያ ይጨምሩ፤ በዚያ መካከል ፕሮግራሙን ይግደሉት፣ ያንኑ ክፍያ ከዚያው ቅጽ መልሰው ይላኩና በሠንጠረዡ ላይ ስንት ረድፍ እንዳለ ይቁጠሩ። አንድ ረድፍ ካገኙ፣ የታተመው ደረሰኝም የዚያው ረድፍ ከሆነ፣ ማቆያውን አውጥተው ኮዱን ለሥራ ማዋል ይችላሉ።